ወለላ ያለፈችባቸው ቤቶች

ስሙኝማ! የቤትም የጎረቤትም ሰዎች፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የማወራችሁ የሁለት ድመቶችን ነገር ነው። አንዷ ወለላ ትባላለች፤ መልኳ እንደ ስሟ ነው። ሌላው ነብሮ ነው፤ ግራጫው ላይ ጥቁር ሰረዝ ሰረዝ ያለበት ጎረምሳ። «የድመት ወሬ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። ነገሩ የድመት ቢሆንም ፍርዱ የሰው ነው።

ጥር ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሰው ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ነው። ዕቃውን ሸጧል፤ ቤቱን ሊያስረክብ ነው፤ ሁለት ድመቶች ቀርተውታል። «አንቺ እንስሳ ትወጃለሽ፤ ውሰጂልኝ» አለኝ።

«ጤናቸውስ?» አልኩት።

«ምንም የለባቸውም፤ የሰጠሻቸውን ይበላሉ» አለኝ።

እሑድ ከሰዓት በካርቶን አድርጎ፣ ካርቶኑን በገመድ አስሮ አመጣቸው። አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሞ አወጣልኝና ተሰነባብተን ሄደ። ገመዱን ስፈታ ሽታው ቀድሞ ወጣ። ሁለቱም በተቅማጥ ተለቅልቀዋል። የመንገዱ ድንጋጤ ነው አልኩ። ድንጋጤ የድመትን ሆድ እንደሚያላላ አውቃለሁ። ለብ ባለ ውሃ ጠራርጌ፣ በፎጣ አድርቄ፣ አንድ ክፍል ለቀቅኩላቸው። በሳፋ ሰጋቱራ ሞላሁላቸው፤ ውሃ አስቀመጥኩላቸው፤ በሩን ዘጋሁ። አዲስ ቤት የገባች ድመት መላውን ቤት በአንዴ መሸከም አትችልም፤ መጀመሪያ አንድ ጥግ ነው የምትፈልገው።

ነብሮ ማታውኑ በላ። ወለላ ግን አልጋ ሥር ገብታ ቀረች።

በማግስቱ ሰኞ ጾመ ነነዌ ገባ። ወለላ ሰኞንም አልበላች። ማክሰኞ ጠዋት የታችኛው ፎቅ እማማ ሊጠይቁኝ ወጡ። ጎንበስ ብለው አልጋ ሥር አዩዋትና «ተዪያት ልጄ፤ በነነዌ ጊዜ ከብቱም እንስሳውም ጾሞ የለ? ሲርባት ትወጣለች» አሉኝ። የእማማ ቃል ለእኔ ትልቅ ነው። ግን ዓይኗን ሳየው ሆዴ እምቢ አለኝ። በዘንቢል አድርጌ ወደ እንስሳት ሐኪም ይዣት ሄድኩ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ቆዳዋን ከትከሻዋ ላይ ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀው፤ ቆዳው ቶሎ አልተመለሰም። «ውሃ አልቆባታል» አለኝ። «ከበላች ስንት ቀኗ ነው?»

«ከእሑድ ጀምሮ አልቀመሰችም።»

«እንኳን አልጠበቁ። ድመት ሁለት ሦስት ቀን እህል ካልቀመሰች ከሰውነቷ ያለው ስብ ወደ ጉበቷ ይጎርፋል፤ ጉበቷ ይታፈናል። ያን ጊዜ ከሆዷ ሕመም ይልቅ ረሃቡ ይገድላታል» አለኝ። ቆዳዋ ሥር ፈሳሽ ሰጣት፤ የማቅለሽለሽ ማስታገሻ ወጋት። «ምግቧን ሞቅ አድርገው ያቅርቡላት። ድመት የምትበላው በአፍንጫዋ ነው፤ ሽታው ካልደረሳት አፏን አትከፍትም» ብሎ አሰናበተኝ። ያን ማታ ከጣቴ ጫፍ ላይ ላሰች። ጣቴን ስትልስ የተሰማኝን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእናንተ ግን ልንገራችሁ፣ አለቀስኩ።

መብላቱስ በላች። ተቅማጡ ግን አልቆመም። የእሷም፣ የነብሮም። ሳምንት አለፈ፤ ሁለተኛው ሳምንት አለፈ። ደብተር ገዛሁ። ቀኑን፣ የበሉትን፣ ሳፋው ላይ ያገኘሁትን፣ ያስመለሳቸውን ሁሉ መጻፍ ጀመርኩ። ክብደታቸውን ለማወቅ ደግሞ ከፎቃችን ሥር ያለው ባለ ሱቅ ሚዛን አለው። ወለላን በዘንቢል ይዤ ወረድኩ። ባዶውን ዘንቢል መዘነ፤ ከነድመቷ መዘነ፤ ቀነሰ። «2.6 ኪሎ፣ እህቴ» አለኝ። ትልቅ ድመት ናት፤ ስይዛት ግን የጎድን አጥንቷ በጣቴ ይቆጠራል። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እንመዝናት ነበር። ባለ ሱቁ ሽንኩርት የሚመዝንበትን ሚዛን ጠርጎ ይጠብቀኛል፤ አንድ ቀን አልሰለቸም።

ሦስተኛው ሳምንት ሲሞላ ሐኪሙ «ከሦስት ሳምንት ያለፈ ተቅማጥ ሥር የሰደደ ነው። ከእንግዲህ በግምት አንሄድም» አለ። የሁለቱንም ሰገራ የሦስት ቀን፣ ለየብቻ በብልቃጥ ያምጡ ተባልኩ። ለምን ሦስት ቀን? ተውሳኩ አንድ ቀን ወጥቶ አንድ ቀን ስለሚደበቅ ነው። በአንድ ቀን ምርመራ «ንጹሕ ነው» ከተባለ ድመት ስንቱ ንጹሕ አይደለም!

የነብሮ ተገኘ። ጃርዲያ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጃርዲያን የማያውቅ ሆድ የለም፤ ድመትንም ይይዛል። ሐኪሙ ፌንቤንዳዞል በክብደቱ ልክ ለ5 ቀን አዘዘለት። «መድኃኒቱ ግማሹ ሥራ ነው፤ ሌላው ግማሽ የእርስዎ ነው» አለኝ። ሰጋቱራውን በየቀኑ እለውጣለሁ፤ ሳፋውን በፈላ ውሃ እለበልበውና ፀሐይ ላይ አደርቀዋለሁ፤ የነብሮን ኋላ አጥባለሁ፤ ምክንያቱም ጸጉሩ ላይ የቀረውን ልሶ መልሶ ይውጠዋል። እሱ ተሽሎት በድጋሚ ተመረመረ፤ ነጻ ወጣ። ሐኪሙ አስቀድሞ አንድ ነገር ነግሮኝ ነበር፤ ትሪኮሞናስ የሚባል በማይክሮስኮፕ ጃርዲያን የሚመስል ሌላ ተውሳክ አለ፤ የጃርዲያ መድኃኒት አይነካውም። ተቅማጡ ባይቆም ኖሮ የምንፈልገው እሱን ነበር። ነብሮን ግን አልያዘውም።

የወለላ ሰገራ ግን ምንም አላሳየም። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጀምረው።

«እንግዲህ አንጀቷ ራሱ ተቆጥቷል» አለ ሐኪሙ። «ብዙ ጊዜ የሚያስቆጣው ምግብ ነው። ለረጅም ጊዜ ስትበላው የኖረችውን አንድ ሥጋ አንጀቷ እንደ ጠላት ይቆጥረዋል። መድኃኒት ከመስጠቴ በፊት በምግብ መሞከር አለብን። በሕይወቷ ቀምሳው የማታውቀውን ሥጋ ይፈልጉላት። እሱን ብቻ ትበላለች፤ ሌላ አንዲት ጉርሻ አይገባባትም። መልስ ካለው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ እናየዋለን። ለመሆኑ ምን ስትበላ ነው ያደገችው?»

ዝም አልኩ። ምን ላውቅ? በካርቶን ነው የመጣችልኝ።

ማታ ለሰውዬው ደወልኩለት። እሱ ያለበት አገር ገና ቀን ነው። «እውነቱን ንገረኝ፤ አልቆጣህም» አልኩት። ዝም አለ፤ ቆይቶ «ስትመጣልኝም እንደዚያው ነበረች» አለኝ። ከማዕድ የተረፈውን ወጥ ነበር የሚሰጣት። ተቅማጡ ሲብስባት ከሰው የተረፈ ሜትሮኒዳዞል እየሰበረ ያቀምሳታል፤ ሳምንት ይቆምላታል፤ ተመልሶ ይመጣል። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። ወጥ ውስጥ ሽንኩርት አለ፣ ነጭ ሽንኩርት አለ። ሁለቱም ተቀቅለውም ቢሆን የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። የሰው ኪኒን ደግሞ በግምት አይሰጥም፤ እኛ ለራስ ምታት የምንውጠው ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል። ቃሌን ሰጥቼዋለሁና አልተቆጣሁትም። የሰጠችውን ሴትዮ ስልክ ብቻ ተቀበልኩት።

ሳሪስ ሄድኩ። ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆመው «ያቺ ቀይ? አለች እንዴ እስካሁን?» አሉኝ። እሳቸው ዘንድ አንድ ዓመት ኖራለች። ጠዋት ጠዋት ወተት፣ ማታ ማታ ከሥጋ ቤት የሚመጣ የበሬ ሳንባ። «ወተት እየጠጣች ምን ጎደለባት ብዬ ነው» አሉ። ስንቶቻችን እንደዚህ እናስባለን! ያደገች ድመት ግን ብዙውን ጊዜ የወተቱን ስኳር የሚፈጨው ነገር ከሆዷ ጠፍቷል። ወተቱ ሳይፈጭ ያልፍና ተቅማጥ ይሆናል። ምንጣፋቸውን ስታበላሽባቸው ለሰውዬው ሰጧት። «ሆዷን ያማታል» ብለው ነገሩት ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ማን ይወስዳታል ብዬ ልናገር?» አሉኝ።

ይህቺን አስተውሉልኝ። ማን ይወስዳታል ብዬ ልናገር። ወለላን ከቤት ቤት ያንከራተታት ይህ ቃል ነው።

ከሳሪስ ጉለሌ ተላክሁ። አሮጌ ግቢ ነው፤ በሩን የከፈቱልኝ አንዲት ነጠላ የደረቡ አሮጊት እናት ናቸው። «እናቴ፣ ስለ አንዲት ድመት ልጠይቅዎ ነው» ስላቸው እጃቸው በሩ ላይ ቀረ።

«ወለላዬ?» አሉ። «አለች?»

ስሟን ያወጡላት እሳቸው ናቸው። ዓይኗ ሳይከፈት አግኝተው በጥጥ ወተት እያጠቡ አሳድገዋታል። ሰባት ዓመት አብረዋት ኖሩ። በሰባተኛው ዓመት ሆዷን ያማት ጀመር። እሳቸው ደግሞ እግራቸውን ታመው ጸበል ሄደው አንድ ወር ቆዩ። «ስመለስ የለችም። ልጆቼ ሞታለች አሉኝ። እኔም አምኜ ተቀመጥኩ» አሉና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ልጆቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ቤቱ ሸተተ፣ እናታቸው የሉም፣ የሚያደርጉት ጠፋባቸው። የሆነው ግን ይኸው ነው። ሦስት ቤት፣ ሦስት ዝምታ።

«ምን ነበር የሚያበሏት፣ እናቴ?»

«ዶሮ፤ እንቁላል፤ በሬ ሲገኝ በሬ። ፍየል ቤቴ ገብቶ አያውቅም።»

ፍየል! ስሙን በደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ሐኪሙ የጠየቀኝን መልስ የያዙት በመጨረሻው በር ያገኘኋቸው እኚህ እናት ነበሩ።

እንግዲህ ይኼ ሁሉ ሲሆን ሁዳዴ ገብቷል። የሰፈራችን ሥጋ ቤቶች ዘግተዋል። ራቅ ካለ ሰፈር የሙስሊም ሥጋ ቤት አገኘሁና አንድ ሽማግሌ ሐጂን የፍየል ሥጋና የፍየል ልብ ጠየቅኳቸው። ማተቤን አዩና «ቤት ውስጥ የታመመ አለ?» አሉኝ። «አዎ፣ ታማሚ አለች፤ ድመት ናት» አልኳቸው። ስቡን እየገፈፉ ቀዩን መረጡልኝ። በየሦስት ቀኑ ስመላለስ «እንዴት አደረች?» ሳይሉኝ አይመዝኑልኝም ነበር።

ቤት ስደርስ ሌላ ጭንቅ ጠበቀኝ። በ55ቱ ቀን ጾም ከጾመኛ ቤት የሥጋ ሽታ ሊወጣ ነው። ለታችኛው እማማ ራሴ ሄጄ ነገርኳቸው። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ተነሡና ከጓዳቸው አንዲት አሮጌ ድስት አምጥተው ሰጡኝ። «ይህቺ የእሷ ትሁን፤ ከአንቺ ዕቃ አትቀላቅዪ» አሉኝ። ቀጥለው «ያን ቀን ስለ ነነዌ እንስሳት የነገርኩሽ ጎዶሎ ነበር። መጽሐፉ ሲያልቅ እግዚአብሔር ለዮናስ ስለ ከተማዪቱ ሲነግረው መጨረሻ ላይ ያነሣው እንስሶቹን ነው። ይራራላቸው የለ? የታመመ ሰውም ከጾም ይፈታል፤ ድመቷን አብዪ» አሉኝ።

እንዲህ ነው የምሠራው፦ ሥጋውን ያለ ጨው፣ ያለ ቅመም፣ ያለ ሽንኩርት በጥቂት ውሃ እቀቅላለሁ። መረቁን አልደፋም። ድመት ታውሪን የሚባል ነገር ከሥጋ ካላገኘች ልቧም ዓይኗም ይጎዳል፤ ታውሪን ደግሞ በመረቁ ውስጥ ይቀልጣል፤ የልብ ሥጋም የጨመርኩት እሱ ስለሚበዛበት ነው። ከቀድሞ ምግቧ ወደ አዲሱ በአንድ ጊዜ አላዘዋወርኳትም፤ ሳምንት ሙሉ አንዱን እየቀነስኩ አንዱን እየጨመርኩ ነው የሄድኩት። ነብሮም የእሷን እንዳያበላሽባት እሱኑ ፍየል እንዲበላ አደረግኩ።

ሁለቱን ሳምንት መቁጠር የጀመርኩት ፍየል ብቻ ከሆነበት ቀን ነው። በ9ኛው ቀን ጠዋት ሳፋው ላይ ቅርጽ ያለው ሰገራ አገኘሁ። ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። በ11ኛው ቀን ግን አንድ ዘመድ እንግዳ መጣ፤ እኔ ቡና ስቆላ ለወለላ ትንሽ ወተት በሲኒ ሰጣት። በፍቅር ነው የሰጣት። ሌሊቱን ወደቀችብኝ። ቁጥሬን እንደገና ከአንድ ጀመርኩ፤ በሩ ላይም «ለድመቶቹ ምንም አይስጡ» ብዬ ለጠፍኩ። ሥር የሰደደ የሆድ ሕመም ያለባትን ድመት የሚያስታምም ሰው የሚታገለው ከበሽታው ጋር ብቻ አይደለም፤ ከደግ እጅም ጋር ነው።

ፍየሉ ብዙ ረዳት፤ ሙሉ በሙሉ ግን አላዳናትም። ማስመለሱ ጨርሶ አልቀረም፤ ክብደቷ አልነሣም አለ። ሐኪሙ ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። በእሷ ዕድሜ የአንጀት ቁጣና ቀስ እያለ የሚያድግ የአንጀት ካንሰር ይመሳሰላሉ፤ መለየት የሚቻለው ከአንጀቷ ቁራጭ ተወስዶ ሲመረመር ነው። እሷ ደግሞ ለቀዶ ሕክምና ገና ደካማ ናት። ስለዚህ ሳይዋሸኝ «እንዲህ እናድርግ፤ እንዲህ ካልሆነ ደግሞ እንዲህ» አለኝ። ፕሬድኒሶሎን ጀመረላት። ስሙ የሚቀራረብ ፕሬድኒሶን የሚባል አለ፤ የድመት ሰውነት እሱን ወደሚሠራው መልክ በደንብ ስለማይለውጠው ፋርማሲ ላይ ስሙን ያስተውሉ ብሎ አስጠነቀቀኝ። ከዚህም ጋር ቫይታሚን ቢ 12 በመርፌ፣ በሳምንት አንዴ ለ6 ሳምንት፣ ከዚያ በወር አንዴ። ይህን ቫይታሚን የሚቀበለው የትንሹ አንጀት መጨረሻ ነው፤ እሱ ሲታመም በምግብ የገባው ቫይታሚን ሳይወሰድ ያልፋል። ቫይታሚኑ ሲያልቅባት ደግሞ የምግብ ፍላጎቷ ይዘጋል፤ ሌላው መድኃኒትም እንደሚገባው አይሠራም።

መርፌውን ራሴ መውጋት ተማርኩ። ኪኒኑን የጀመርነው ከፍ አድርገን ነው፤ ሲሻላት በየሳምንታቱ ቀስ እያልን ቀነስን። በድንገት አይቆምም፤ ይህን አደራ እላለሁ። አንድ ነገር ስንለውጥ ሌላውን አንነካም፤ ምግብና መድኃኒት በአንድ ቀን ከተለወጡ የትኛው እንደረዳ፣ የትኛው እንደጎዳ ማን ያውቃል? ፍየል ብቻውን ለዕድሜ ልክ እንደማይበቃም ሐኪሙ ነገረኝ፤ አጥንት የሚጠብቅ ካልሲየም ይጎድለዋል። ስትረጋጋ በእሱ ትእዛዝ የጎደለውን እየጨመርን ሄድን።

ፋሲካ ደረሰ። ጾሙ ተፈታ። ባለ ሱቁ ሚዛኑን አየና «3.1፣ እህቴ! እንኳን አደረሰሽ» አለኝ።

በዳግማይ ትንሣኤ ጉለሌ ሄጄ እናትየዋን አመጣኋቸው። ወለላን ልወስድላቸው አስቤ ነበር፤ መንገድና እንግዳ ቤት ሆዷን እንዳይመልሱባት ፈርቼ ተውኩት። አራት ፎቅ በምርኩዝ፣ በየደረጃው እያረፉ ወጡ። ወለላ መስኮቱ ላይ ናት። ቁጭ አሉና በቀስታ «ውሮ፣ ውሮ፣ ወለላዬ» አሉ። ጆሮዋ ቆመ። ወረደች። የነጠላቸውን ጥለት አሸተተች፤ ደግማ አሸተተች፤ ከዚያ ጭናቸው ላይ ወጥታ ተጠቅልላ ተኛች። እማማም ሊያዩ መጥተው ነበርና ሁለቱ እናቶች ያለ ንግግር ተያዩ። ቡናው እስኪፈላ ማንም ቃል አላወጣም።

ዛሬ ወለላ 3.5 ኪሎ ናት። አልዳነችም፤ ትታመማለች፣ እናስታምማታለን። በወር መርፌዋን ትወጋለች፤ ጥቂት ኪኒን ትወስዳለች፤ ምግቧ አንድ ዓይነት ነው። ነብሮ ዘሎ የሚይዘው ዝንብ አላስቀረም። ደብተሩ አልቆ ሁለተኛውን ይዣለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሦስቱን ቤቶች፣ የበላቻቸውን ሁሉ፣ የማይስማሟትን፣ የሐኪሟን ትእዛዝ ጽፌያለሁ። የነገን ማን ያውቃል? እኔ ብታመም ወይም ብሄድ ደብተሩ ዘንቢሏ ውስጥ አብሯት ይሄዳል።

አሁን ፍርዱን ልናገር። ወለላን ሁለት ዓመት ያሠቃያት የአንጀቷ ቁጣ ብቻ አልነበረም። በየበሩ የተደበቀው እውነት ነው። የመጀመሪያው ቤት ለሁለተኛው፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው አንዲት ወረቀት ጽፎ ቢሆን ኖሮ ሐኪሙ ፍየልን በመጀመሪያው ሳምንት ይደርስበት ነበር። «ብናገር ማን ይወስዳታል?» ለምትሉ እኔ አለሁ፤ እንደ እኔም ሌሎች አሉ። ሳያውቅ የወሰዳት ሰው ግን ሲያውቅ መልሶ ይጥላታል።

ስለዚህ አደራ። ድመታችሁን ለሌላ ሰው የምትሰጡበት ቀን ቢመጣ ካርቶኑን ከማሰራችሁ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ አንሡ። ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ የበላችውን፣ የማይስማማትን፣ ያመማትን፣ የወሰደችውን መድኃኒት ጻፉ። ስልካችሁንም ከሥሩ አስፍሩ፤ ሲደወልላችሁም አንሡ።